የባዶው ባልዲ ምስክር

ጠዋት ጸሎቴን ጨርሼ ወደ ኩሽና ስገባ ልጄ ለፈተናዋ የተገዛላትን ቀሚስ ለብሳ፣ በባዶ እግሯ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ ባልዲዬን ታሸታለች። ጫፉን አይደለም፤ ጭንቅላቷን እስከ ጆሮዋ ነክራ ነው። ሕፃን ባልዲ ውስጥ ሲነከር ብዙ አይቻለሁ፤ የወለድኳቸው በሙሉ ተነክረዋል። ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ የግማሽ ቀን ዕድሜ የቀራት ልጅ ስትነከር ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ምን ጠፋሽ አልኳት። ቀና አለች፤ ያን ሁሉ የደከምንበት ፀጉሯ ተበላሽቷል።

«እማ፣ መድኃኒቱ ከቅጠሉ አልመጣም» አለችኝ። «ከባልዲው ነው የመጣው።»

ጓሯችን አጥሩን ተደግፎ የሚበቅል ቅጠል አለ። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለሆድ ቁርጠት እያፈሉ ይሰጡ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ከእሳቸው ነው የተማረው። ልጄ የመመረቂያ ጥናት ሥሪ ስትባል ይኼንኑ ቅጠል ይዛ ሄደች፤ በውስጡ ያለውን ነገር ለይቼ አወጣለሁ አለች። ትምህርት ቤቱ ማሽን አለው፣ ዕቃ ግን የለውም። ቅጠሉን በአልኮል የምትዘፈዝፍበት ትልቅ የመስታወት ዕቃ ብትጠይቅ ግዥ ላይ ነው ተባለች። ግዥ ላይ ነው ማለት ምን ማለት እንደሆነ መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ያውቀዋል። እኔም እናት ነኝና ክዳን ያለውን የልብስ መዘፍዘፊያ ባልዲዬን አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ ሰጠኋት። እዚያ ውስጥ ዘፈዘፈች፣ አጠለለች፣ አተነነች፣ ለየች፤ ከዚያ ሁሉ ቅጠል የቀረው እንባ የምታክል ቅባት ነበር። እሷን ነው ወደ ማሽኑ የወሰደቻት።

ማሽኑ ኤንኤምአር ይባላል። እንደገባኝ ነው የምናገረው፤ ከተሳሳትኩ ጥፋቱ የጆሮዬ ነው። ትልቅ ማግኔት ነው። ጠብታዋን ፈሳሽ ውስጥ አሟሙተው እንደ ስትሮ በቀጠነች የመስታወት ቱቦ ያስገቡለታል። ቅጠል በለው ዘይት፣ በውስጡ ሃይድሮጂን የሚባሉ ደቃቃ ነገሮች አሉ፤ ማግኔቱ መሀል ሲገቡ በራዲዮ ሞገድ ይቀሰቅሷቸዋል፣ እነሱም መልስ ይሰጣሉ። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። እያንዳንዱ እንደተቀመጠበት ቦታና እንደ ጎረቤቱ ነው የሚመልሰው። ኮምፒውተሩ መልሳቸውን መስመር አድርጎ ይሥለዋል፤ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ድንገት ሹል፣ እንደገና ሜዳ፣ ከዚያ ተጠጋግተው የቆሙ ሹሎች። የሚያውቅ ሰው ሹሎቹን አንብቦ ነገሩ ምን እንደሆነ ይናገራል። ታዲያ የኛ ሰፈር ነው በይኛ አልኳት፤ ሰውን ለማወቅ ጎረቤቱን መጠየቅ። ሳቀች። እንዲያውም ጎረቤት በበዛ ቁጥር ሹሉ ይሰነጣጠቃል አለችኝ። ይኼም ቢሆን ያው የኛ ሰፈር ነው።

የልጄ ሹሎች ያማሩ ነበሩ። አማካሪዋ ገና ሲያያቸው ከወንበሩ ተነስቶ እጇን ጨበጣት፤ አዲስ ነገር ነው፣ የመድኃኒት ዘር ነው አለ። ወዲያው ውጭ አገር ለሚደረግ የምሁራን ስብሰባ ጽፎ ላከ፤ ስሙ ከፊት፣ የሷ ከኋላ፤ ተቀበሉት። ትምህርት ቤቱም በሩ ላይ ባነር ሰቀለ። ልጄ ግን ባለፈው ሳምንት፣ ማንም ሳያዛት፣ ያንኑ ባልዲ በዚያው አልኮል ሞላች፤ ቅጠል ሳትጨምር። የቅጠሉን ያህል ቀን አስቀመጠችው፣ በቅጠሉ ላይ ያደረገችውን ሁሉ አደረገችበት፣ የቀረውን ጠብታ ማሽኑ ውስጥ ከተተች። ለምን ቢሏት፣ ባዶውን ሳላይ ሙሉውን አላምንም ብላ ነው። ሹሎቹ አንድም ሳይጎድሉ መጡ። ፋብሪካ ፕላስቲክ እንዲለሰልስ የሚጨምርበት ነገር ነው አለችኝ፤ አልኮሉ ከባልዲዬ ገላ ላይ አጥቦ ያወጣው። ማሽኑ አልዋሸም፤ የጠየቁትን ነገረ። የጠየቁት ባልዲውን መሆኑን ያላወቁት እነሱ ናቸው።

አማካሪሽ ያውቃል ወይ አልኳት። ነግሬዋለሁ፣ የባዶውን ገጽ ከጥናቱ አውጪው አለኝ፣ መልስ አልሰጠሁትም አለች። ጠዋት ተነስታ የምታሸተው ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል በሚል ተስፋ ነው፤ አፍንጫ እንደማይነግራት እሷም ታውቃለች። እኔ ልጆቼን ዋሽታችሁ የበላችሁት እንጀራ አይባረክም እያልኩ ያሳደግሁ ሴት ነኝ። ነገር ግን በዚያው ወር መጨረሻ ዲግሪዋን ይዛ ከመጣች እንቀጥራታለን ያለ የመድኃኒት ፋብሪካ አለ፤ ካልመጣች ቦታውን የሚፈልግ ሰልፍ ነው። ገና ከጸሎት የተነሳሁበት ጉልበቴ ሳይቀዘቅዝ እንዲህ አልኳት፦ «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ዛሬን ተመረቂ። እውነቱን ነገም ትናገሪዋለሽ፤ የትም አይሄድም።» ፀጉሯን እንደገና አበጠረች። ሻይ ቀዳሁላት፤ ዳቦውን ቆርሳ ቆርሳ ሳትበላው ተወችው። እኔም ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ ስጠርግ ቆየሁ። እናትና ልጅ ሲኮራረፉ ቤት ይሞቃል፤ እኛ ግን አልተኮራረፍንም፣ ተፋፈርን እንጂ፤ ቤቱም ቀዘቀዘ።

ያን ቅዝቃዜ የሰበረው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የቤቱ ወንድ እኔ ነኝ ብሎ ራሱን ሾሟል። ሰፈሩ «አዋጅ» ይለዋል፤ ሰምቶት ያልለፈፈው ነገር ስለሌለ። ሸሚዙን ትልቁ ልጄ ነው የሰጠው፤ ከረባቱን ግን ራሱ ገዝቷል፣ ዋጋውንም ገና ከበሩ ነገረን፣ ሻጩ ስንት ብሎ ስንት እንደቀነሰለት ጭምር። ባነሩ ከተሰቀለ ጀምሮ እሱን የሚይዘው ጠፍቷል። ፀጉር አስተካካዩ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ የኛ ቤተሰብ መድኃኒት ማግኘቱን ያልሰማ የለም። ቅጠሉን እየገነጠለ በየቤቱ ያድላል፤ ድሮ ለሆድ ብቻ የነበረው አሁን ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለእንቅልፍ ማጣትም ሆኗል። ልጄን «ዶክተሬ» ይላታል። ያን ጠዋትም ዶክተሬ ተነሺ፣ ታሪክ አይጠብቅም አላት። እሷ ጋሼ ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ነው አለችው። ዘሩ ካለ ዛፉ አይቀርም አላት። ለእሱ ለመንገር ጉልበት አልነበራትም፤ እኔም አልነበረኝም። ለአዋጅ መንገር በማይክራፎን እንደመናገር ነው።

በታክሲ ሄድን። ሾፌሩ ዋጋውን ሲጠራ አዋጅ የሳይንስ ቤተሰብ ነን ብሎ ሊያስቀንስ ሞከረ፤ ሾፌሩ የሳይንስ ቤተሰብ ከሆናችሁ ቤንዚን ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ አለው። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ባነሩ በነፋስ ይንጠራራል። «ከጓሮ ወደ ዓለም» ይላል፤ ከታች ቅጠል ተሥሏል፣ የኛን ቅጠል አይመስልም። አዋጅ ከሥሩ ቆሞ ፎቶ እንዲነሳ ግድ ሆነ። የኬሚስትሪው ሕንፃ ሊፍቱ አይሠራም፣ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ የለውም፣ በየበሩ ላይ የተለጠፈው «ለሚመለከተው ብቻ» የሚል ወረቀት ደብዝዟል። ልጄ ኮምፒውተሯን ልታገጣጥም ወደ ላይ ወጣች። አማካሪዋ ደግሞ፣ አርባ የማይሞላ፣ ዓይኑ ሥር የጠቆረ ሰው ነው፣ እኛን በአክብሮት ተቀብሎ ጊዜ ስላለን ማሽኑን ላሳያችሁ ብሎ ወደ ምድር ቤት ወሰደን።

ማሽኑ ክፍል በር ላይ ወለሉ በቀይ ቀለም ተሠምሯል። ከመስመሩ ወዲያ ብረት አይገባም፤ ማግኔቱ ይነጥቃል አለን። ቀለበቴን፣ የፀጉር መርፌዬን፣ ቁልፌን፣ ስልኬን ትሪ ላይ አስቀመጥኩ፤ ለፈተና ሳይሆን ለፍርድ የምገባ መሰለኝ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የባንክ ካርዷን ይዛ እየገባች ስንት ጊዜ እንዳበላሸች አጫወተን። አዋጅ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ሱሪውን በእጁ ይዞ ሊገባ ሲል አካሉ ውስጥ ብረት ያለው ሰው አለ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ጭኑ ውስጥ መኪና ከገጨው ጊዜ ጀምሮ ብረት አለው። እንደዚያ በየሰፈሩ የለፈፈለት ማሽን ፊት ሲደርስ ከቀዩ መስመር ውጭ ቀረ፤ ሱሪውን እንደያዘ አንገቱን እያሰገገ ያያል። ገብቼ አየሁት። በሦስት እግሩ የቆመ የውኃ ታንከር የሚያህል የሚያብረቀርቅ በርሜል ነው። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ይብለጨለጫል፤ እኔ የመጨረሻ ልጄን የወለድኩበት ክፍል እንዲህ ቢሆን ኖሮ ሌላም እደግም ነበር። በሕንፃው ሁሉ የሚሠራው ማቀዝቀዣ ይኼ አንድ ብቻ ነው፤ መምህራኑ ፀሐይ ሲጠና ሥራ ያለባቸው መስለው እዚህ ይገባሉ አለኝ ራሱ አማካሪው እየሳቀ። ማሽኑ የሚጠጣው የማቀዝቀዣ ጋዝ ዋጋው ስንት እንደሆነ ሲነግረኝ ግን ሳቄን ዋጥኩት። አንድ የመስታወት ገንቦ ግዥ ላይ የሆነበት አገር ይኼን እንዴት ገዛው ብዬ አሰብኩ፣ አልተናገርኩም።

እዚያ ብርድ ውስጥ ነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያነጋገረኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እሱን ልመስክር። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት፤ ዓመት በመጣ ቁጥር ምን አሳተምክ እየተባለ ይጠየቃል፤ ያለፉት ተማሪዎቹ ሁሉ ምንም ሳያገኙለት ተመርቀዋል። ቲኬቱ ተቆርጧል፣ ፖስተሩ ታትሟል። ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ ግን ግትር ናት አላለኝም፤ ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ ብቻ ገና ልጅ ናት አለኝ። የባዶውን ገጽ ካቀረበች ለሁላችንም አይበጅም አለ። ከዚያ እጁን አጣምሮ ማሽኑን እያየ፣ «እናቴ፣ መቼም ቤት ውስጥ ባልዲ አንድ ብቻ አይሆንም» አለኝ። «ለሁለተኛው ጊዜ የሰጧት ሌላ ባልዲ ሊሆን ይችላል። ሌላ ባልዲ ከሆነ ማነጻጸሪያው አይሠራም፤ የባዶው ሙከራ በራሱ ጊዜ ይወድቃል፤ እሷም ዛሬ ትመረቃለች። ከተጠየቁ ያችን ብቻ ነው የሚሉት።» ፈጣሪ ያውቃል አልኩት። ይኼ መልስ ለአዎም ለአይደለምም ይሆናል፤ ስንት ዘመን ተገልግዬበታለሁ። እሱ እንደ አዎ ወሰደው፣ ትከሻዬን ነካ አድርጎ አመሰገነኝ። ቀለበቴን ከትሪው አንስቼ ሳደርግ ጣቴ አበጠ መሰለኝ፣ እምቢ አለኝ።

ፈተናው ያለበት ክፍል ጠባብ ነው፤ መጋረጃው በግማሹ ተቀድዶ ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ ስለሚያርፍ አንድ ተማሪ ካርቶን ይዞ እንዲቆም ተደረገ። ፊት ለፊት ሦስት ናቸው፤ አማካሪው፣ ኃላፊዋ፣ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡ ሽማግሌ የውጭ ፈታኝ። ሽማግሌው በቅጠል ጥናት ስማቸው የታወቀ ነው፤ ኃላፊዋ ስታስተዋውቃቸው ያሳተሙትን እስክትጨርስ አዋጅ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ። ልጄ ጀመረች። ስለ ቅጠሉ ተናገረች፣ አማቴንም ስማቸውን ሳትጠራ አነሳቻቸው፤ የሹሎቹን ሥዕል ስታሳይ አዋጅ ይኼው አለ ከጎኔ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ልጸልይ ብል ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። ገጹን ትዝለለው ብዬ እንዳልለምን አፍሬ፣ አትዝለለው ብዬ እንዳልለምን ፈርቼ፣ አንተ ታውቃለህ ብቻ አልኩት። እሱም ያውቃል፤ እኛ ነን የማናውቀው።

አልዘለለችውም። ሁለቱን መስመሮች አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርጋ አሳየች። የላይኛው የቅጠሉ፣ የታችኛው የባዶው ባልዲ። ሹል በሹል፣ ሜዳ በሜዳ፣ ልክ መንትያ። ቃሏን አላስረዘመችም። ያገኘነው ከባልዲው የወጣ ነው፤ ስለ ቅጠሉ ገና ምንም አላወቅንም አለች። ካርቶን የያዘው ተማሪ ለማየት ዞር ሲል ፀሐዩ ስክሪኑን በላው፤ ቶሎ ብሎ መለሰው። የውጭ ፈታኙ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መለሱ። እስቲ እንደገና አሳዪኝ አሉ። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። «ይኼን የት ነው የማውቀው?» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ትዝ ያላቸው መሰለኝ፣ ምናልባት ራሳቸው ካሳተሙት በአንዱ ይሆናል፤ ወደ ኋላ ተደገፉ፣ እስከ መጨረሻውም እሷን ቀና ብለው አላዩአትም።

አማካሪው በዚያ መሀል ገባ። በረጋ አነጋገር፣ ተማሪዋ ባዶውን ያለ ፈቃድ፣ ያለ ተቆጣጣሪ እንደሠራችው አስረዳ። ሁለቱም ጊዜ አንድ ባልዲ ስለመሆኑ ማረጋገጫ እንደሌለ፣ ባልዲ ሁሉ እንደሚመሳሰል፣ ዕቃው የመጣው ከቤት እንደሆነ ተናገረ። ልጄ አንድ ነው አለች። እሱ መቼም እናትየዋ እዚህ ስላሉ እሳቸው ይንገሩን አለ። ኃላፊዋም ተገላገልኩ በሚል ፊት ወደ እኔ ዞረች። ያን ሁሉ ሚሊዮን የጠጣ ማሽን ምድር ቤት ቁጭ ብሎ፣ ነገሩ ከልብስ አጣቢ ሴት አፍ ላይ ወደቀ።

ተነሳሁ። አንድ ቃል ነው የምለው። ሌላ ነው ብል ልጄ በወሩ መጨረሻ ነጭ ካፖርት ለብሳ ፋብሪካ ትገባለች። አማካሪው በዓይኑ አይዞዎት ይለኛል። አዋጅ ደግሞ ምን እየሆነ እንደሆነ ሳይገባው በይ ንገሪያቸው ብሎ ክርኔን ይነካኛል። ልጄን አየኋት። የምትለምነኝ መስሎኝ ነበር፤ አትለምነኝም። ቁጣም የለባትም። ልክ ያንን ቱቦ ማሽኑ ውስጥ ከትታ መልሱን እንደምትጠብቅ ሰው፣ የሚመጣውን ልትጽፍ ተዘጋጅታ ነው የምትጠብቀው። ሌላ ነው ብል ሌላ ነው አለች ብላ ትጽፈዋለች።

«አንድ ባልዲ ነው ያለኝ» አልኩ። «ጆሮው ምድጃ ላይ የቀለጠ። ሁለቱንም ጊዜ የሰጠኋት እሱን ነው፤ ከሱ ሌላ ባልዲ ቢኖረኝ ኖሮ ያን ሁሉ ቀን የልጅ ልጄን ልብስ በድስት አልዘፈዝፍም ነበር።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ኃላፊዋ ልትስቅ ጀምራ ሳል አደረገችው። አዋጅ ነገሩ ያኔ ገባው፤ ሲገባው ግን እንደሱ ነው የገባው። ብድግ ብሎ ከረባቱን አስተካክሎ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ባልዲውም ቢሆን የተገኘው ከኛው ቤት ነው፣ ግኝቱ ከቤተሰቡ እጅ አይወጣም አለ። ስለ ባልዲው ምንነት ጥናት ካስፈለገም ቤተሰቡ ባልዲውን ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑን ጨመረ። እጁን ስቤ አስቀመጥኩት።

እኛ ኮሪደር ወጥተን ጠበቅን፤ ከበሩ ኋላ ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲል ቆየ። ፈታኞቹ ሲወጡ ውሳኔውን ኃላፊዋ ነች ያነበበችልን። የጥናቱ ርዕስ በቅጠሉ ውስጥ ስለሚገኝ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት አልተገኘም፤ ስለዚህ ጥናቱ አልተሠራም። በሚመጣው ዓመት በመስታወት ዕቃ ተሠርቶ እንደገና ይቅረብ። የመስታወት ዕቃው ግዥ ላይ ስለሆነ ቤተሰብ እንዲተባበር በአክብሮት ይጠየቃል። አዋጅ አማካሪውስ ከእንግዲህ ውጭ አገር አይሄድም ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። ይሄዳል አለች፤ ተቀባይነት ያገኘ ነገር አይሰረዝም፣ እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያ ደረጃ ውጤት ነው ይላል። ባነሩም እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆያል፤ ተከፍሎበታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት እንዲህ ያለውን ሳያዩ አልቀሩም። አማካሪው በአጠገባችን ሲያልፍ ሰላም በሉ ብሎ ጎንበስ አለልኝ፤ እውነቱን ለመናገር አሳዘነኝ። ፖስተሩን ጠቅልሎ በብብቱ እንደያዘ ነው፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው።

ደረጃው ላይ አዋጅ ቀድሞን ወረደ። ልጄ ጫማዋ ስለጠበባት በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች ነው የምትወርደው።

«እማ፣ ልትዋሺልኝ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የሚሉት ደረሰብኛ» አልኳት።

ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረና አለቀሰች። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ፋብሪካው አለች፤ አውቃለሁ አልኳት። የሚወርዱ ተማሪዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ በጎናችን ሲያልፉ አንዷ ጎንበስ ብላ የልጄን ራስ ሳመቻት፤ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ታክሲው ውስጥ አዋጅ አዋጁን አረቀቀ። ሰው ከጠየቀ ፈተናው በመብራት ምክንያት ተላልፏል በሉ፤ መብራት ማንም የማይጠረጥረው ምክንያት ነው አለ። ሁለታችንም ዝም ስንለው ተስማምተዋል ብሎ ከረባቱን ፈታ። ቤት ስንደርስ በራችን ላይ ጎረቤቶች ቆመዋል፤ አንዷ አበባ ይዛለች፣ አንዱ ጠርሙስ በወረቀት ጠቅልሏል። ከፊት የቆሙት አጥር የሚለየን ባልቴት ናቸው፤ ያን ቅጠል አማቴ ከነገሯቸው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ያፈላሉ። አዋጅ ጉሮሮውን ጠርጎ መብራት ብሎ ሲጀምር ቀደምኩት። አንዴ ከወጣ አይቀር ብዬ ነው።

«አላለፈችም» አልኳቸው። «ያለፈው ባልዲው ነው። ግቡና እነግራችኋለሁ።»

ሳሎኑ ሞላ። ወንበር ላልደረሰው አልጋው ጫፍ ላይ ቦታ ሰጠን፤ ሻይ አፈላሁ፤ ነገርኳቸው። አበባ ያመጣችው አበባውን ትሰጥ ትመልስ ጨንቋት ጭኗ ላይ እንዳቀፈችው ቀረች። አንዱ ታዲያ በባነሩ ላይ ያለው ምንድነው አለ፤ ቀለም ነው አልኩት። አዋጅ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀምጧል። ባልቴቷ ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ወደ ልጄ ዞሩ።

«ይኼን ሁሉ ተዪውና አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ። እኔ የምጠጣው ቅጠል መድኃኒት ነው አይደለም?»

«አላውቅም፣ እማማ» አለች ልጄ።

አዋጅ ከመስኮቱ ሳይዞር እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ለእሱ የዕለቱ ውርደት ይኼ ነበር፤ መውደቅ ይደርሳል፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ አላውቅም ማለት ግን ለሰው አይነገርም። ባልቴቷ አልተቆጡም። ያን ያህል ዓመት የጠጡትን ሲያስቡ ቆዩ። ያን ሁሉ ትምህርት ተምረሽ አላውቅም ካልሽ እንግዲያውስ ነገሩ ከባድ ነው አሉ። ከዚያ ምን ቢኖርሽ ነው የምታውቂው ብለው ጠየቋት፤ ትልቅ የመስታወት ዕቃ አለች። ብድግ አሉ። በትራቸውን ተደግፈው፣ ማንም እንዳይከተላቸው በእጃቸው ከልክለው ቤታቸው ሄዱ፤ ዘገዩ። ተመልሰው ሲመጡ በሁለት እጃቸው እንደ ታቦት የተሸከሙት ሆዱ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ነው፤ ስኳር የሚያኖሩበት ነው፣ ስኳሩን ወረቀት ላይ ሲገለብጡት የቆዩ መሆን አለበት። የሠርጋቸው ስጦታ ነው፤ ባላቸው ሲሞቱ፣ ልጃቸው ሲሄድ ከእጃቸው ያልወጣ ዕቃ ነው። ብትሰብሪው ገደልሽኝ ማለት ነው፣ ቶሎ ደግሞ በይ፣ ዕድሜዬን አትርሺ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩላት። አበባ ያመጣችው ሴት እንባዋን ጠረገች። አዋጅ እንኳ ከመስኮቱ ዞረ።

ልጄ ተነሳች። ዕቃውን በጣቷ አዟዙራ አየችው፣ ብርሃን ላይ አድርጋ ውስጡን አየች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ። ግን መጀመሪያ ባዶውን ነው የምሠራው።»

«ባዶውን?»

«አዎ። ቅጠል ሳላስገባ። ከዕቃው የሚወጣ ነገር እንደሌለ ማየት አለብኝ።»

ባልቴቷ የሠርግ ዕቃቸውን አዩ፣ ልጄን አዩ።

«የኔን ዕቃ ትጠረጥሪዋለሽ?»

«እጠረጥረዋለሁ፣ እማማ።»

ባልቴቷ ወደ እኔ ዞሩ፤ ልጄን ተቆጥቼ ይቅርታ እንዳስጠይቅላቸው ነው የጠበቁት። ጎረቤቶቹም እኔን ያያሉ። ተነስቼ ዕቃውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ ወደ ኩሽና ወስጄም ማጠቢያ ውኃ ጣድኩ።